በሙዚቃ ትምህርት ማስተርስና ዶክትሬት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ አገር ቤት ሙዚቃ እያስተማረ «ከዚህ በኋላስ?» የሚል ነው። ሌላው ውጭ አገር እየኖረ፣ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ የሐበሻ ልጆችን ኪቦርድ ወይም ክራር የሚያስተምር ነው። የሁለቱ መንገድ ይለያያል፤ ስለዚህ የሚመለከታችሁን እየፈለጋችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሙዚቃ ትምህርት ከሌላው የሙዚቃ ጥናት በምን ይለያል?

ዓይኑ ተማሪው ላይ ነው። ፐርፎርማንስ የሚማር ሰው ውሎው ልምምድ ክፍል ነው። ኢትኖሚዩዚኮሎጂ የሚማር ሙዚቃውን ከባለቤቱ ሕዝብ ኑሮ ጋር አያይዞ ያጠናል። የሙዚቃ ትምህርት የሚማር ደግሞ ሰው ሙዚቃን እንዴት እንደሚማር ይጠይቃል። የስድስት ዓመት ልጅ ድምፁን ከጓደኞቹ ድምፅ ጋር ማስማማት የሚጀምረው እንዴት ነው? ኖታ መቼ ይግባ? ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንድ ከበሮ ይዞ የገባ መምህር በአርባ ደቂቃ ምን ሊሠራ ይችላል?

ፍላጎታችሁ ፒያኖ ወይም ሳክስፎን አሻሽሎ መጫወት ከሆነ ወደዚህ ዘርፍ አትምጡ። ንባብ ይበዛል፣ ጽሑፍ ይበዛል፣ የሰው ክፍል ገብቶ ማየት ይበዛል። የልምምድ ሰዓታችሁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ከያሬድ የተመረቅሁት በመሣሪያ ነው። የመምህርነት ዲግሪ የለኝም። ይቀበሉኛል?

ብዙ ቦታ ይቀበሏችኋል። ግን የምታመለክቱት የትኛው ዓይነት ፕሮግራም ላይ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስተርስ አለ። አንዱ የማስተማር ፈቃድ ኖሮት ክፍል ውስጥ እየሠራ ላለ መምህር የተዘጋጀ ነው። ሌላው ሙዚቃ ተምሮ ፈቃድ ለሌለው ሰው ነው፤ ዲግሪውን ከፈቃዱ መስፈርት ጋር አንድ ላይ ያስጨርሳል፣ ብዙ ጊዜም ኤም.ኤ.ቲ. ይባላል። ውጭ አገር ያስተማረን ሰው እንደ ፈቃድ ባለቤት ቆጥረው የመጀመሪያው ውስጥ የሚያስገቡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የማያስገቡም አሉ። ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አራት መስመር ኢሜይል ጻፉ። ይመልሳሉ።

መንገዱ የግድ ቀጥ ያለ አይደለም። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ያለው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው መጡ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ከዚያ ተመልሰው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1971 ዶክትሬታቸውን በኢትኖሚዩዚኮሎጂ ያዙ። መጫወት፣ ማስተማርና መመራመር በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተራ በተራ ሊመጡ ይችላሉ።

ኤም.ኤም.፣ ኤም.ኤም.ኢ.፣ ኤም.ኤ.፣ ኤም.ኢዲ.፤ የትኛው ይሻላል?

ማስተርስ ላይ ስለ ስሙ አትጨነቁ። የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቡ።

ዶክትሬት ላይ ግን ልዩነቱ ሥራችሁን ይነካል። ፒኤችዲ ለምርምርና ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ነው። ኢዲዲ ወደ ትምህርት ሥራው ያዘነብላል፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ በሙዚቃ ትምህርት ለረጅም ዘመን የሰጠው ይህን ነው። ዲኤምኤ ደግሞ መጫወትን ወይም መምራትን አብሮ ይይዛል። ብዙ የአሜሪካ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ከማመልከቻችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ ማስተማራችሁን ይፈልጋሉ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ክፍል ውስጥ ያልቆየ ሰው ስለ ክፍል ሲጽፍ ያስታውቅበታል።

ስንት ዓመት ይፈጃል?

አሜሪካ ማስተርስ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው፤ በሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት። ሥራ ላይ ላሉ መምህራን በክረምት ብቻ የሚሰጡ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ብዙ ጊዜ በሦስት ክረምት ያልቃሉ። እንግሊዝ አንድ ዓመት ነው።

የት ልማር?

ሁሉም ሰው አሜሪካን ይጠይቃል። እኔ ግን መጀመሪያ ሃንጋሪን እጠቁማለሁ።

ኬችኬሜት የምትባል ከተማ ውስጥ የኮዳይ ኢንስቲትዩት አለ። የተመሠረተው በ1975 ሲሆን አሁን ቡዳፔስት ባለው የሊስት አካዳሚ ሥር ነው። በኮዳይ የሙዚቃ አስተማሪነት ዘዴ የሁለት ዓመት ማስተርስ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ዞልታን ኮዳይ የተወለደው እዚያው ከተማ በ1882 ነው። ከሙዚቃ ደራሲው ከቤላ ባርቶክ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የሕዝብ ዘፈን የሰበሰበ ሰው ነው። እምነቱም ግልጽ ነበር፦ ልጅ መጀመሪያ መሣሪያ ሳይሆን ድምፁን ይጠቀም፤ የሚዘምረውም የገዛ አገሩን ዜማ ይሁን፤ ከባለ አምስት ድምፅ ዜማ ይጀምር።

እስቲ ይህን ወደኛ አምጡት። የኛ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ትዘምሩታላችሁ። የኮዳይ ትምህርት ለልጆች መጀመሪያ ላይ የሚሰጣቸው ድምፆችም እነዚሁ ናቸው፦ መጀመሪያ ሶልና ሚ፣ ቀጥሎ ላ፣ ከዚያ ዶና ሬ። እዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። አንቺ ሆዬ ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ቶን ብቻ ነው። ከሦስተኛው ወደ አራተኛውም እንደገና ግማሽ ቶን። በኮዳይ ቅደም ተከተል ግማሽ ቶን ቆይቶ የሚመጣ፣ ለልጅ የሚከብድ ነገር ነው። ታዲያ ጆሮው በአንቺ ሆዬ ያደገ የወሎ ልጅ ከየት ይጀምር? ለሱ ከባዱ የትኛው ነው? ይህን ኬችኬሜት ሄዶ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ መምህር ለሃንጋሪዎቹም አዲስ ነገር ይዞላቸው ይሄዳል።

ሌሎች አማራጮችን በአጭሩ ልንገራችሁ። ለንደን ዩሲኤል በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሙዚቃ ትምህርት ማስተርስ አለ። ሳልዝበርግ በሞዛርቴዩም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኦርፍ ኢንስቲትዩት ከ1961 ጀምሮ ሙዚቃና እንቅስቃሴን አጣምሮ ያስተምራል። ፊንላንድ የሲቤሊየስ አካዳሚ ጠንካራ ነው፤ ከተለያየ ባህል የመጡ ሙዚቀኞች አብረው የሚማሩበት የግሎባል ሙዚክ ማስተርስም አለው። ከአፍሪካ ሳትወጡ መማር ከፈለጋችሁ ጋና የሚገኘውን የዊኔባ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተመልከቱ፤ የሙዚቃ ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እዚያ የአፍሪካን ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ማስተማር ዋናው ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቦታ አንድ ኮርስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጎረቤት ኬንያም ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ አለ።

አሜሪካን የምትመርጡ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ናስም በሚባለው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ማኅበር እውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ዝርዝሩ ድረ ገጻቸው ላይ ለሁሉም ክፍት ነው።

ገንዘቡስ?

ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ለመማር አትነሱ። በሙዚቃ መምህር ደመወዝ የሚከፈል ዕዳ አይደለም።

ለሃንጋሪ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የሚባለው ስኮላርሺፕ አለ፤ ኢትዮጵያም ተሳታፊ አገር ናት። ከኦንላይን ማመልከቻው በተጨማሪ የኛው ትምህርት ሚኒስቴር ዕጩ አድርጎ ሊያቀርባችሁ ይገባል፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ መኝታ ወይም የመኝታ ድጎማ ይሰጣል። የኪስ ገንዘቡ ለዓመታት በወር 43,700 ፎሪንት ነበር። ይህ ብቻውን ለኑሮ አይበቃም፤ የሚደጉማችሁ ሰው ወይም ትንሽ ሥራ ያስፈልጋል።

ለእንግሊዝ ቼቭኒንግ አለ። የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ለአሜሪካ ፉልብራይት አለ፤ እሱም የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለበት።

ከነዚህ ውጭ አሜሪካ ውስጥ ዋናው መንገድ አሲስታንትሺፕ ነው። ዩኒቨርሲቲው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያሠራችኋል። ኮርስ ታግዛላችሁ፣ የመዘምራን ቡድን ታለማምዳላችሁ፣ ሰልጣኝ መምህራንን ታያላችሁ። በምላሹ የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርላችኋል፣ ወርሃዊ ክፍያም ይኖራችኋል። ለዶክትሬት ከማስተርስ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። «ተቀብለናችኋል» የሚል ደብዳቤ ፈንድ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚመጡት።

የማመልከቻ ክፍያውም ቢሆን ከአገር ቤት በዶላር መላክ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እንዲቀርላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። በግልጽ «አይቻልም» ያሉ እንኳ ሲጠየቁ የሚፈቅዱበት ጊዜ አለ።

ኦዲሽኑን በክራር ወይም በማሲንቆ ማድረግ ይቻላል?

በሙዚቃ ትምህርት ማስተርስ ብዙ ቦታ ኦዲሽኑ ቀለል ያለ ነው፤ ጭራሽ የማይጠይቁም አሉ። የሚጠይቁት ደግሞ በአብዛኛው «ዋና መሣሪያችሁ» ይላሉ። ማሲንቆ ዋና መሣሪያችሁ ከሆነ ማሲንቆ ነው። የማስተማር ፈቃድ ወደማግኘት የሚያደርሱት ፕሮግራሞች ግን አንዳንዴ ክፍል ውስጥ በሚያስተምሩት ይወስኑታል፦ ኦርኬስትራ፣ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ወይም መዘምራን። ያኔ ድምፅ ብትመርጡ ይቀላችኋል።

በክራር የምትቀርቡ ከሆነ ከመጫወታችሁ በፊት በሠላሳ ሰከንድ አስረዷቸው። ስንት ክር እንዳለው፣ በየትኛው ቅኝት እንደቃኛችሁት፣ የምትገርፉት ወይስ በጣት የምትነቅሉት እንደሆነ። ከዚያ ቅኝት ለውጣችሁ ሁለተኛ ሥራ ተጫወቱ። ፊታቸው ላይ መቃኘታችሁ ብቻ ጆሯችሁ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራቸዋል።

የቲዎሪ ፈተና ግን አይቀርም። ስትገቡ የምዕራቡን ሃርመኒና የሙዚቃ ታሪክ ይፈትኗችኋል። የወደቀ ሰው ቲዎሪና ታሪክ የሚያሟላ ኮርስ ይወስዳል፤ ያ ኮርስ ብዙ ጊዜ ከዲግሪው አይቆጠርም፣ ገንዘብ ግን ይከፈልበታል። ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ክረምት ለዚህ ስጡት። ዶ ሁልጊዜ «C» የሆነበትን ሶልፌጅ የለመዳችሁ ደግሞ እንደ ዜማው መነሻ ድምፅ ቦታውን የሚቀይረውን፣ የሚንቀሳቀሰውን ዶ ቀድማችሁ ተለማመዱ።

የማስተማር ቪዲዮ ይጠይቃሉ። ምን ዓይነት ይሁን?

ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ብዙ አመልካች በዓል ላይ ተማሪዎቹ ዩኒፎርም ለብሰው ሲዘምሩ የተቀረጸ ይልካል። አይጠቅምም። ማየት የሚፈልጉት ስታስተምሩ ነው። ስልኩን ከክፍሉ ፊት ለፊት ጥግ ላይ አቁሙት፤ የናንተ ጀርባ ሳይሆን የልጆቹ ፊት ይታይ። አንድ ልጅ ሲሳሳትና እናንተ ስታስተካክሉ የሚያሳይ ሦስት ደቂቃ ከሙሉ ኮንሰርት ይበልጣል። ክፍሉ በልጅ ቢጨናነቅ፣ መሣሪያ ባይኖር፣ ግድግዳው ቢላላጥ አትሸማቀቁ። በእጅ ማጨብጨብና በእስክስታ ምት የምታስይዙ ከሆነ እሱን አሳዩ። ወላጆችን ማስፈቀድ ግን አትርሱ።

የዓላማ መግለጫው ላይ ምን ልጻፍ?

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚቃ እወዳለሁ» የሚለውን ዝለሉት። አመልካቹ ሁሉ ይወዳል። ክፍል ውስጥ ያስቸገራችሁን አንድ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ አምስተኛ ክፍል ላይ ወንዶቹ መዘመር ያቆማሉ፤ ለምን? ወይም፦ በሰንበት ትምህርት ቤት መቶ መዝሙር በቃሉ የያዘ ልጅ ኖታ ሲያይ ለምን ይደነግጣል? ከዚያ ይህን ጥያቄ ለምን እዚያ ትምህርት ቤት ማጥናት እንደፈለጋችሁ፣ ከየትኛው መምህር ጋር እንደሚሄድ ጻፉ። ሁለት ገጽ ይበቃል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከማን ልውሰድ?

ስታስተምሩ ካየ ሰው። የታዋቂ ሙዚቀኛ ፊርማ ያን ያህል አያግዝም። «አንተ ጻፈውና እፈርማለሁ» የሚሉ መምህራን አሉ፤ በትሕትና ነጥቦችን ብቻ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ ደብዳቤውን ግን እሳቸው ይጻፉት። ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው አማርኛ-እንግሊዝኛ ሲመጣ አንባቢው ያውቃል። ከተቻለ ከመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይላክ።

ድጓ ተምሬያለሁ። የአብነት ትምህርት ይቆጠርልኛል?

በዲግሪነት አይቆጠርም። የመጀመሪያ ዲግሪ ማቅረብ አለባችሁ። በይዘት ግን እጃችሁ ላይ ያለ ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

አስቡት። የዜማ ቤት ተማሪ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሚለየው በጆሮው ነው። ምልክቱን ከድጓው ላይ ያያል፤ ግን ምልክቱ የሚናገረው ዜማውን አስቀድሞ ለሰማው ሰው ነው። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፤ መምህሩ ከሩቅ ሆነው ስሕተት ሲሰሙ ያርማሉ። ድጓውን የጨረሰ ጋይንት ወደሚገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ይህ ሁሉ የማስተማር ዘዴ ነው፦ ቅደም ተከተል አለው፣ ምዘና አለው፣ የምስክር ቦታ አለው። ስለ ዜማው ታሪክና ስለ ምልክቱ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ብዙ አለ። ልጁ እንዴት እንደሚማረው ከውስጥ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ግን ገና ያስፈልጋል። በዘመናዊው ትምህርት ከጆሮ ወደ ምልክት መሄድ ትልቅ ክርክር ነው፤ የዜማ ቤት ደግሞ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ይህን መግለጫችሁ ላይ ጻፉ።

ትራንስክሪፕትና እንግሊዝኛ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ክፍያ። ያልከፈለ ሰው በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ይቀራል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክም ይከብደዋል። የአሜሪካ የማስረጃ ገምጋሚዎች ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ታሽጎ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። ይህ ጉዳይ ወራት ሊበላ ስለሚችል መጀመሪያ ጀምሩት። እንግሊዝኛ ላይ አይኤልትስ 6.5 ካላችሁ አብዛኛው በር ይከፈታል። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ቀድማችሁ ተፈትናችሁ እንዳይቃጠልባችሁ።

አሜሪካ ነው የምኖረው። ግሪን ካርድ አለኝ። ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተማሪ ለመሆን ምን ያስፈልገኛል?

ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ ስለዚህ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ቴክሳስ መስፈርታቸው አንድ አይደለም። በብዙ ስቴት ፕራክሲስ የሚባለውን የሙዚቃ ፈተና ታልፋላችሁ። ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ድጋፍ ፎርም ሞልታችሁ የፌዴራል ብድር ማግኘት ትችላላችሁ፤ ለድኅረ ምረቃ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር። ቲች ግራንት የሚባልም አለ፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር። እሱ ግን ግዴታ አለበት፦ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በሚበዙበት ትምህርት ቤት፣ የመምህር እጥረት አለ በተባለ የትምህርት ዓይነት አራት ዓመት ካላስተማራችሁ ከነወለዱ ብድር ይሆናል። ሙዚቃ እጥረት ካለባቸው ውስጥ መሆኑን በስቴታችሁ አጣሩ።

አብዛኛውን ሐበሻ የሚጥለው ገንዘቡ አይደለም፤ የተግባር ልምምዱ ነው። አንድ ሴሚስተር ያህል ከጠዋት እስከ ከሰዓት ትምህርት ቤት ትውላላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ። ቤት የሚያስተዳድር፣ ሁለት ሥራ የያዘ ሰው በዚያ ጊዜ ይወጠራል። ይህን ሴሚስተር ከመመዝገባችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ሌላው መንገድ አማራጭ ሰርተፍኬሽን ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ በሰፊው ይሠራበታል፤ ደመወዝ እየበላችሁ ፈቃዱን ትጨርሳላችሁ።

እስራኤል ነኝ።

ሌቪንስኪ-ዊንጌት ኮሌጅ የሙዚቃ ትምህርት ፋኩልቲ አለው፤ ማስተርስም ይሰጣል። ትምህርቱ በዕብራይስጥ ነው።

አገር ቤት ሆኜ መማር ብፈልግስ?

በሥርዓተ ትምህርት ወይም በማስተማር ዘዴ ማስተርስ ግቡና የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በሙዚቃ ላይ ሥሩ። አማካሪ ስትመርጡ ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። የአገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚፈራው የሒሳብና የምክንያታዊነት ክፍሉን ነው፤ በሁለት ወር ጥናት የሚቻል ነው።

ጨርሼ ብመለስ ሥራ አለ?

አለ፤ ደመወዙ ግን ከፍ ያለ አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለ1ኛ ደረጃና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለው፤ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሥዕል በአንድ መጽሐፍ። ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ትርፍ ሰዓት ላለው መምህር ነው፤ አማርኛ ወይም ስፖርት ሊያስተምር የመጣ ሰው። ያ መምህር ጥፋት የለበትም፤ ያሠለጠነው የለም። ስለዚህ ማስተርስ ይዞ ለሚመለስ ሰው ትክክለኛው ቦታ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ አንድ ሰው ያሠለጠናቸው አርባ መምህራን አርባ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። የግልና ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የተሻለ ይከፍላሉ፤ ግማሽ ቀን እዚያ፣ ግማሽ ቀን ኮሌጅ የሚሠሩ አሉ።

መቼ ልጀምር?

ለመስከረም ለመግባት ከአሥራ አምስት ወር ያህል በፊት፣ ሰኔ ላይ። ክረምቱን ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለቲዎሪ፣ መስከረምን ለቪዲዮው፣ ጥቅምትን ለመግለጫውና ለድጋፍ ደብዳቤው አድርጉት። ብዙ የአሜሪካ ማመልከቻ ዲሴምበር 1 ይዘጋል፤ ኅዳር 20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማለት ነው። የስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ብዙውን ጊዜ ጥር መጀመሪያ ላይ ነው። ስማችሁን ደግሞ በሁሉም ወረቀት ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። ትራንስክሪፕት ላይ «ኃይሌ» በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርት ላይ በሌላ ፊደል ከሆነ ቪዛ ላይ ያስጠይቃችኋል፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የሚስተካከለው አሁን ነው።